ባሕሩ ያልሸሸበት ሐሙስ

ዓርብ ይሁን ያለችው ልጄ ናት። የለም፣ ዓርቡ ይለፍና በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴን ስነግራት ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ስትነክስ በስልኩ ምስል ላይ አየኋት። ዓርብ ጾም ነው። ልታሳየኝ ወዳሰበችው የባሕር ዳርቻ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ደግሞ ከነአጥንቱ በሚጠበስ ዶሮ የታወቀች ከተማ አለች። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ሄጄ ያንን ዶሮ በባቡር መስኮት ተሰናብቼው ላልፍ ነው?

ልጄ ጃፓን ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል። ታካማትሱ በምትባል የወደብ ከተማ ያረጁ የእንጨት ቤቶችን የሚያድስ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እኛ ያለነው ስቶክሆልም፣ ዩልስታ ነው፤ ቱነልባና የሚባለው የምድር ባቡር ሰማያዊ መስመሩ ከሚያልቅበት ጣቢያ ወጣ ሲሉ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ፣ አራተኛ ፎቅ። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ደወለችና መሥሪያ ቤቷ በቋሚነት እንድትቀጥል እንደጠየቃት ነገረችን። እንደ ወትሮዋ በስዊድንኛ ነበር የምታወራው። እዚህ ያደጉት ልጆች እንዲህ ናቸው፤ እኛ በአማርኛ እንጠይቃለን፣ እነሱ በስዊድንኛ ይመልሳሉ፣ ማንም ቅር አይለውም። መጨረሻ ላይ ግን በአማርኛ፣ "መጥተሽ፣ አይተሽ፣ መርቂኝ። ካልመረቅሽኝ አልፈርምም" አለችኝ።

አባቷ ሶደርተልየ ካለው ፋብሪካ ከሥራ ገብቶ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር። ብድግ ብሎ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

"በይ እኔ መርቄሻለሁ! የጨበጥሽው አፈር ወርቅ ይሁንልሽ! ፈርሚ!"

"አሜን አባዬ። የእማዬንም እፈልጋለሁ።"

"የእናትሽ ይቆያል። እሷ ለምርቃትም ማስረጃ ትጠይቃለች።"

ማስረጃ አልነበረም የፈለግኩት። ምርቃት ከአፍ ሲወጣ ቀላል ነው፤ ደረጃ ላይ ለተገናኘነው ሰው ሁሉ ስናዘንብለት እንውላለን። ለልጄ ግን ልቤ ያላመነበትን ቃል ማውጣት አልቻልኩም። ልቤ ያላመነበት ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፦ ብትታመም በሯን የሚያንኳኳው ማነው? እኔ ቀዶ ሕክምና ያደረግኩ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን እህቶቼ ማቀዝቀዣዬን በሽሮ ሞልተውት፣ ከጠያቂው ብዛት የቤቴን በር መዝጋት አቅቶኝ ነበር። እሷ ባለችበት ከተማ የኛ ሰው የሚባል አንድም የለም። ጠይቄያታለሁ። ቤተ ክርስቲያንም አለ ወይ ብያታለሁ፤ ቅርቡ ኦሳካ ይሆናል አለችኝ፣ እሱንም እርግጠኛ ሳትሆን።

የምሠራው ኪስታ፣ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጥቅምት ላይ ልጆቹ ሆስትሎቭ የሚሉት የአንድ ሳምንት ዕረፍት አላቸው፤ በዚያ ላይ ፈቃዴን ጨምሬ ቲኬት ቆረጥኩ። ቆርጬም ማንበብ ጀመርኩ።

ትምህርት የጨረስኩት ዘግይቼ ነው። አዲስ አበባ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን እዚህ፣ ኮምቩክስ በሚባለው የአዋቂዎች ትምህርት ቤት፣ ልጄን መዋዕለ ሕፃናት እያደረስኩ ቀጠልኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን ሁሉ አደራ እንደተሰጠው ዕቃ ነው የሚይዘው። ስለዚያ የባሕር ዳርቻም ያገኘሁትን ሁሉ እንዲያ ያዝኩ። ስሙ ቺቺቡጋሃማ ነው። በፀሐይ መጥለቂያው የታወቀ ነው። አሸዋው ላይ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይተኛል፣ ንፋስ ከሌለ መስታወት ይሆናል፣ ፀሐይዋ ከላይም ከታችም ትጠልቃለች። ፎቶ የሚነሳው ሰው ከውሃው ወዲያ ይቆማል፤ የሚያነሳው ከወዲህ ቁጢጥ ብሎ ስልኩን ውሃውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ያደርጋል። ደማቅ ልብስ ይመከራል። ፀሐይ የምትገባበትንም ሰዓት አውቄዋለሁ። ከሥሩ ስለ ባሕሩ ሌላ ሠንጠረዥ ነበር፤ የዓሣ አጥማጆች ጉዳይ መስሎኝ አለፍኩት።

*

የመጀመሪያውን ሳምንት ታካማትሱ በሰላም ሰነበትን። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፣ ንጹሕ፣ ጫማ በር ላይ የሚቀርበት። ቀን እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ ጎዳና ለጎዳና እየተንሸራሸርኩ፣ ሲደክመኝ አግዳሚ ወንበር ላይ እያነበብኩ አመሻለሁ። ከተማዋን ወደድኳት። ሰዉ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ለኔ ዓይነቷ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ያንን በር ያንኳኳ ሰው የለም። ጎረቤቶቿ ኮሪደር ላይ ሲያገኙን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይላሉ፣ ይገባሉ፣ ይዘጋሉ።

እሷም አልጠየቀችኝም። የሥራ ውሉ ጠረጴዛው ላይ፣ የውሃ ብርጭቆ ተጭኖበት ተቀምጧል። ሁለታችንም እራት ስናቀርብ በአክብሮት ገፋ እናደርገዋለን።

አባቷ ግን ከስቶክሆልም በየቀኑ ይደውላል።

"እህሳ፣ መረቅሻት?"

"ገና ነኝ።"

"ምን ቀረሽ? ጣራውን አየሽ፣ ቧንቧውን አየሽ!"

"ሰውየው፣ ሥራህ ግባ።"

ሐሙስ ዕለት ፈቃድ ወስዳ ከረፋዱ ባቡር ያዝን። ዶሮው ከተማ ወረድን። ምግብ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሽታው ከመንገድ ይጠራል። ልጄ የምግብ ዝርዝሩን እያነበበች፣ "ሁለት ዓይነት አለ። የልጅ ዶሮና የወላጅ ዶሮ" አለችኝ።

"ቀልድሽን ተዪ።"

"እውነቴን ነው፣ እንዲህ ነው የሚሉት። የልጁ ለስላሳ ነው። የወላጁ ያስቸግራል፣ ግን ይጣፍጣል ይላሉ።"

"እንግዲያው የወላጁን አምጪልኝ።"

አስቸገረኝ። በእጄ ይዤ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቁንዶ በርበሬው ከንፈሬን እያቃጠለኝ፣ ከአጥንቱ ጋር ታገልኩ። ልጄ የራሷን ጨርሳ እጇን እየጠረገች ታየኛለች። "ለዚህ ነው ዓርብን ያስቀረሽው" አለች። ለዚህ ነው አልኳት፤ አልተጸጸትኩም። ዓርብን የመረጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ነበሩ። ለምን ዓርብ እንዳሏት አልጠየቀቻቸውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ሌላ ባቡር፣ ከባቡሩ በኋላ ትንሽ አውቶቡስ። ከአውቶቡሱ ወርደን በጥድ ዛፎቹ መሐል ስናልፍ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ልጄ ለፎቶው ብላ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። እኔ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ዛፎቹ አለቁ።

ባሕር ነበር። ሙሉ፣ ደልዳላ፣ የሚተነፍስ ባሕር፣ ከዛፎቹ ሥር ጥቂት እርምጃ ድረስ። አሸዋው ጠባብ ቀበቶ ብቻ ነው የቀረው። ባየኋቸው ፎቶዎች ላይ መቶ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚታይበት ቦታ፣ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ሁለት ሰዎችና እኛ ብቻ።

"መስታወቱ የታለ?" አልኩ።

"እዚህ ነው።" ስልኳን አየች፣ ባሕሩን አየች፣ ስልኳን ገለበጠችው። "እዚህ ነው ይላል።"

"ሌላ ቺቺቡጋሃማ አለ እንዴ?"

"እማዬ፣ አንድ ነው።"

ትንሽ ወዲያ ወዲህ አልን። ምናልባት ከዚያ ጥግ ይሆናል ብላ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ሄዳ ተመለሰች። እኔ ቆሜ አሸዋውን አያለሁ። ከውሃው ከፍ ብሎ፣ የደረቀ የባሕር ሣርና የዛጎል ስብርባሪ አንድ መስመር ሠርቶ ዳርቻውን ሁሉ ይዞ ሄዷል። ውሃው እዚያ ድረስ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው። ደርሶ ከሄደ፣ ይሄዳል ማለት ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ የትዝታው ስፍራም ኮምቩክስ ሆነ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ የፈተና ወረቀት። ጨረቃ ባሕርን ትስባለች፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሰዓቱም በየዕለቱ እየዘገየ ይሄዳል። ጽፌዋለሁ። ሥዕሉን ጭምር ሠርቼዋለሁ።

"ነይ ወዲህ" አልኳት። "መስታወቱ የትም አልሄደም። ከሥር ነው፤ ባሕሩ መጥቶበታል።"

"ምን ማለት ነው መጥቶበታል?"

"ባሕር ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲሄድ ነው አሸዋው ላይ ያ ውሃ የሚቀረው። እኛ የመጣነው እሱ ሲመጣ ነው።"

"አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር?"

"ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።"

"እና?!"

"እና የጻፍኩት ለፈተና ነዋ! አይቼው አውቃለሁ እንዴ?"

የት አይቼው? ያደግኩባት አዲስ አበባ ባሕር የላትም። ስቶክሆልም በውሃ የተከበበች ከተማ ናት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በዚያ ውሃ ዳር መጽሐፍ ሳነብ ኖሬያለሁ፣ ግን ያ ባሕር የትም አይሄድም። የምቀመጥበትን ድንጋይ በሙቀቱም ወራት በብርዱም እዚያው ቦታው ላይ ነው የሚነካው። ውሃ ማለት ባለበት የሚቆይ ነገር መስሎን የኖርን ሰዎች ነን። እሷማ እዚያው የተወለደች ናት፤ እንደ እኔ እንኳ ፈተና ላይ አልመጣባትም።

ሠንጠረዡን ፈልጋ አገኘችው። ጣቷን እያስኬደች፣ "ባለፈው ዓርብ" አለችና ቆመች። "እማዬ፣ ባለፈው ዓርብ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ እስከዚያ ድረስ ሸሽቶ ነበር።" በእጇ ሩቅ አሳየችኝ።

ተያየን። "ዶሮው" አለች። ከዚያ ሳቁ መጣብን። እሷ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ጎኔን ያዝኩ። ውሻ የሚያንሸራሽሩት ዞር ብለው አዩን።

*

ሳቃችን ነው መሰለኝ አንዲት ሴትዮን የጠራቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ይሆናል፤ ሰፊ ባርኔጣ አድርገዋል፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ፣ በእጃቸው የመንደሪን ከረጢት። ልጄን አንድ ነገር ጠየቋት። ልጄ ብድግ አለች። ጎንበስ ብላ መለሰችላቸው፤ ሴትዮዋ ሳቁ፣ ባሕሩን አዩ፣ እንደገና ሳቁ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ታሳዝናላችሁ አሉ።"

"አናሳዝንም በያቸው።"

"አልላቸውም!"

መንደሪን አውጥተው ሰጧት። በሁለት እጇ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ ተቀበለች። እቤቴ ስንት ዓመት ሙሉ "በሁለት እጅሽ፣ በሁለት እጅሽ" ስላት የኖርኩት ነገር ነው፤ እዚያ ማንም አላላትም። ለኔም ሰጡኝ። እኔም እንደዚያው ተቀበልኩ፣ ሴትዮዋም ለኔ ጎንበስ አሉ፣ እኔም መልሼ ጎንበስ አልኩ፣ ማን መጀመሪያ ቀና ማለት እንዳለበት ሁለታችንም ስላላወቅን ትንሽ ቆየን።

አጠገባችን ተቀመጡ። ከየት ነን? ልጄ ስዊድንንም ኢትዮጵያንም አስረዳች፤ አሸዋው ላይ በጣቷ ሣለችላቸው። ሴትዮዋ ሁለቱን ነጥቦች አይተው ሦስተኛውን፣ እኛ የተቀመጥንበትን፣ ራሳቸው ጨመሩ። ከዚያ የልጄን ክንድ ነኩና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። ይህን ማስተርጎም አላስፈለገኝም፤ በዚህ ንፋስ ጃኬት የለሽም ወይ ነው። እኔ ጠዋት ያልኳት ይህንኑ ነበር፤ አይበርድም ብላ ትከሻዋን ነቅንቃብኝ ነው የወጣችው። አሁን ግን ሴትዮዋ ፎጣቸውን ከአንገታቸው ፈትተው አንገቷ ላይ ሲጠመጥሙላት፣ አገጯን ቀና አድርጋ እንደ ሕፃን ቆየችላቸው።

ጨዋታው ረዘመ። እኔ መንደሪኔን እየላጥኩ ፊታቸውን አያለሁ። ልጄ በእጇ ጣራ ትሠራለች፣ ምሰሶ ታቆማለች፤ ሴትዮዋ የሚያንጠባጥብ ነገር በጣታቸው ያሳያሉ። ልጄ ስልኳን አውጥታ አንድ ነገር ጻፈች።

"ምንድነው?" አልኩ።

"ቤታቸው ከጥዶቹ ጀርባ ነው። የኮርኒሱ ወራጅ እንጨት ውሃ ገብቶበታል። እሑድ መጥቼ አየዋለሁ አልኳቸው።"

"በሥራ ነው?"

"አይ፣ እንዲሁ። እሳቸው ምሳ ይሠራሉ።" መንደሪኗን ከፈለች። "ሦስተኛዋ መሆናቸው ነው።"

"የምን ሦስተኛ?"

"አያቴ።" ይህን በአማርኛ ነው ያለችው። ቀጥላ በስዊድንኛ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ታካማትሱ ውስጥ ሁለት እንዳሏት ነገረችኝ። አንደኛዋ በሥራ ያደሰችላቸው ቤት ባለቤት ናቸው። ሌላዋ የአትክልት ሱቅ ያላቸው ናቸው። ባለፈው የካቲት ኢንፍሉዌንዛ ይዟት ተኝታ የከረመች ጊዜ፣ ባለ ሱቋ ጎመን ልትገዛ ሳትመጣ ብትቀርባቸው፣ ሰፈሩን ጠይቀው ቤቷን አገኙና የሩዝ ገንፎ በድስት ይዘው መጡ። ሲያዩዋት ተቆጡ። እስክትነሳ ድረስ እየተመላለሱ ተቆጡ።

"ታመሽ ነበር?"

"ድኛለሁ እኮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ታመምኩ አላልሽም፣ ሰው አለኝ አላልሽም!"

"አንቺ ሰው አለሽ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። የኛ ሰው አለ ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ ነው ያልሽኝ። የለም አልኩሽ።"

እውነቷን ነው። በልኬ የጠየቅኩትን በልኩ መልሳልኛለች። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬን በሩ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ እዚያ ያሉት ሴቶች በር ለማንኳኳት ሰበብ የሚሆን ሕመም ይፈልጋሉ፣ እኔ ባለሁበት ሳምንት ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነበረች። ሰው የላትም ብዬ የፈራሁላት ልጅ፣ ባሕር ዳር ሁለት መንደሪን ለመብላት ተቀምጣ አንድ አሮጊት ጨምራ ተነሳች።

ፀሐይዋ ወርዳ ነበር። ከፊታችን ያሉት ደሴቶች ጠቆሩ። መስታወት ስለሌለ የምናየው አንዷን ፀሐይ ብቻ ነው፣ በመጠኗ፣ ብርቱካንማ፤ ባሕሩ ላይ እየተንቀጠቀጠ እስከ እግራችን የሚደርስ አንድ መንገድ ዘርግታለች። አገር ቤት ፀሐይ ከተራራ ጀርባ ነው የምትገባው። ስቶክሆልም በሰኔ ሕንፃዎቹ ላይ ተንጠልጥላ አልሄድም ትላለች። ወደ ባሕር ስትገባ ያየሁት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ታችኛው ጠርዟ ውሃውን ሲነካ ድምፅ ይኖረዋል ብዬ ሳልጠብቅ አልቀረሁም። ልጄ ፎቶ አላነሳችም። ሴትዮዋም፣ ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ነገር ሆኖ፣ ንግግራቸውን አቁመው አዩ።

ጨርሳ ከመግባቷ በፊት ተነሳሁ።

"ነይ" አልኳት። "ተነሺ።"

ገባት። አሸዋውን ከቀሚሷ አራግፋ ፊቴ ቆመችና ራሷን ዝቅ አደረገች። ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ትልልቆቹ ሲመርቁ አይታ ይሆናል። እጄን ራሷ ላይ አደረግኩ። አዘጋጅቼ የመጣሁት ቃል አልነበረም። የመጣልኝን አልኩ።

"ይቅናሽ። መውጣትሽን መግባትሽን ያሳምርልሽ። ያቆምሽው አይፍረስ። ደጅሽ አይዘጋ። ሰው አያሳጣሽ። የሰው ፊት አይጥቆርብሽ። እኔን ባሰብሽኝ ጊዜ እንባ አያምጣብሽ። ኑሪበት።"

"አሜን" አለች፤ በያንዳንዱ መሐል አሜን ትላለች። ቀና ስል ሴትዮዋም ተነስተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ነጭ ፀጉራቸውን ለኔ አጎንብሰዋል። ከኔ በሰላሳ ዓመት የሚበልጡ ሴት! የሰው አገር ትልቅ ሰው መመረቅ ድፍረት ሆነብኝ፣ ዝም ማለትም ነውር ሆነብኝ። "ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ወራጅዎን ትጠግንልዎት" አልኩ። ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

ለአባቷ በመልእክት "መረቅኳት" ብዬ ጻፍኩለት። ስቶክሆልም ረፋዱ ነበር፣ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፣ ወዲያው መለሰ፦ "ምን ተገኘ?" ብሎ።

*

የመጨረሻው አውቶቡስ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከኋላ ተቀመጥን። ደክሞኝ፣ ቀልሎኝ፣ መስኮቱ ላይ ራሴን ላስደግፍ ስል ልጄ ክንዴን ነካችኝ።

"እማዬ፣ እንደገና በይው።"

"ምኑን?"

"ምርቃቱን። ግማሹ አልገባኝም።"

"አሜን ስትዪ ነበር እኮ!"

"አሜን አልኩ፤ ግን ሳልረዳ ነው ያልኩት። ሳታነቢ አትፈርሚ የምትዪኝ አንቺ አይደለሽም?"

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። "ይቅናሽ" የሚለውን ለማስረዳት ከጥድ ዛፎቹ እስከ መንደሩ መብራት ድረስ ፈጀብኝ፤ ለዚያ ቃል ስዊድንኛው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጠይቃል። "መውጣትሽን መግባትሽን" ላይ፣ "ቀኑን ሙሉ ነው?" አለችኝ። "ዕድሜሽን ሙሉ ነው" አልኳት። አሰበችበትና አሜን አለች። "ያቆምሽው አይፍረስ" ሲባል ስለ ሥራዋ መስሏት ነበር፤ ስለ ሥራዋም ነው፣ ስለ ትዳርም ነው፣ ስለ ሁሉም ነው ስላት ሳቀችና ለሁሉም አሜን አለች። "ደጅሽ አይዘጋ" ላይ ግራ ተጋባች።

"በሬን አልቆልፍ ነው?"

"ቆልፊ! ማታ ማታ ቆልፊ። ሰው መጥቶ ተዘግቶ አይመለስ ነው።"

"አሜን።"

"ሰው አያሳጣሽ" አልኩና ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ።

"ይቺ ገብታኛለች" አለች። "ቀጥዪ።"

ቀጠልኩ።